ስልሳ ከስልሳ ላመጣ ፓርቲ በግ አይታረድም!

ስልሳ ከስልሳ ያመጣ ተማሪ ቤቱ ሲገባ በግ ይታረድለታል። እናቱ እልል ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ «አየህ የሰው ልጅ!» እያለ የገዛ ልጁን ይኮረኩማል። ስልሳ ከስልሳ ያመጣ ፓርቲስ? ለሱም በግ እንረድለት ወይስ ምን እንበለው? የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ነው፤ ግን ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። እኔው ራሴ ድምፄን ሰጥቼ የገባሁበት ነው። ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ኒውሃም የሚባል ቦሮ አለ፤ ቦሮ ማለት የኛው ክፍለ ከተማ እንደ ማለት ነው፤ ለንደን እንዲህ ያሉ 32 አላት። ስሙ እንግዳ የሆነበት አንባቢ ካለ ምልክት ልስጠው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ጥሩነሽ ዲባባ በ10 ሺህ፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጡበት፣ እኛም ቴሌቪዥን ፊት ቆመን ጉሮሯችን እስኪዘጋ የጮኽንበት ስታዲየም ያለው እዚያው ኒውሃም፣ ስትራትፎርድ ሰፈር ነው።

ሚያዝያ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010) እንግሊዝ ምርጫ ላይ ነበረች። ዜግነት ያገኘሁ ሰው ነኝና እኔም ወጣሁ። ጣቢያው አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው። ስሜንና አድራሻዬን ተናገርኩ፤ መታወቂያ እንኳ የጠየቀኝ የለም። (ይህ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ተለውጧል፤ ፎቶ ያለው መታወቂያ ማሳየት ግድ ሆኗል።) ከዚያ ወደ መጋረጃው ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? በክር የታሰረች እርሳስ! እርሳስ እኮ በላጲስ ይጠፋል! እኔ የሐበሻ ልጅ ነኝና ላጲስ የያዘ ካድሬ ይኖር እንደሆነ ዓይኔ ዙሪያውን ተንከራተተ። የለም። ለፓርላማ አንድ ድምፅ፣ ለከንቲባው ሌላ ወረቀት፣ ለቦሮው ምክር ቤት ደግሞ ሦስት ድምፅ ሰጥቼ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲነገር ሌበር ፓርቲ ከ60ው የምክር ቤት ወንበር 60ውን ወሰደ። ከአራት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሌበር 54፣ ሪስፔክት የተባለው ፓርቲ 3፣ ክርስቲያን ፒፕልስ አላያንስ የተባለው ደግሞ 3 ወንበር ነበራቸው። እነዚያ ስድስት ሰዎች ተጠርገው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና 60 ከ60። በ2018 እንደገና 60 ከ60። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የሌላ ፓርቲ ሰው በምርጫ ያልገባበት ምክር ቤት!

ልብ በሉ፤ ኮሮጆ ተገለበጠ አላልኩም። የቆጠራ ክስ የለኝም። ክሴ ከዚያ ይብሳል። ኮሮጆ ሳይገለበጥ፣ ታዛቢ ሳይባረር፣ ማንም ሳይደበደብ ተቃዋሚ ከአዳራሹ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል ነው የምለው። ሌባ ቢሰርቀን ሌባውን እንከሳለን፤ ሕጉ ራሱ ሲሰርቀንስ ማንን እንክሰስ?

እስቲ በጣት እንቁጠረው። ኒውሃም ያኔ በ20 የምርጫ ቀበሌ ተከፍሎ ነበር። ከእያንዳንዱ 3 ሰው ይመረጣል፤ 20 በ3 ሲባዛ 60። መራጩም 3 ድምፅ አለው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በአንድ ቀበሌ ከመቶው 45 ሰው ሦስቱንም ድምፁን ለአንድ ፓርቲ ዕጩዎች ሰጠ እንበል። የቀሩት 55ቱ ደግሞ 25፣ 20 እና 10 እየሆኑ ለሦስት ፓርቲዎች ተበተኑ። ሦስቱም ወንበር የ45ቱ ነው። 55ቱ ምን አገኙ? ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት! ይህ ለማስረዳት ያመጣሁት ቁጥር ነው እንጂ የኒውሃም ውጤት አይደለም። ሌበር በኒውሃም ብዙ ደጋፊ እንዳለው ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው። ግን ብዙ ሰው ማለትና ሁሉም ሰው ማለት ለየቅል ናቸው።

ይህን ነገር ለአንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ቡና ላይ ባነሳባቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ሕዝቡ ወዶ መረጠ፤ ምን ይሁን ነው የምትለው? ለተሸነፈ ሁሉ የማጽናኛ ወንበር ይታደል?» አሉኝ።

«ወንበሩ የተሸናፊው ፖለቲከኛ አይደለም እኮ ጋሼ» አልኳቸው፤ «እሱን የመረጠው ነዋሪ ነው። ግብር ሲከፍል ከመቶ 45 አልተባለም፤ ሙሉውን ነው የሚከፍለው።»

ጋሼ ዝም አሉ። ያመኑኝ እንዳይመስላችሁ፤ ቡናው ቀዝቅዞባቸው ነው።

ምክር ቤት የጭብጨባ ቤት አይደለም። ኒውሃም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከንቲባውን በቀጥታ የሚመርጥ ቦሮ ነው። በዚህ ሥርዓት ከንቲባው ያቀረበውን በጀት ለመለወጥ ከምክር ቤቱ አባላት 2/3ኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ከ60ው 40 ማለት ነው። 60ውም የከንቲባው ፓርቲ ሰዎች ሲሆኑ ያን 40 ከየት እናምጣው? ከሰማይ? ሥራ አስፈጻሚውን የሚመረምር ኮሚቴም በሕግ አለ። ግን መርማሪውም ተመርማሪውም የአንድ ፓርቲ ልጆች ሲሆኑ ምርመራው የቤተ ዘመድ ጉባኤ ይሆናል። ከ60ው መካከል ሕሊና ያለው፣ አይሆንም ብሎ የተከራከረ አልነበረም አልልም። ክርክሩ ግን የፓርቲው ስብሰባ ላይ፣ በተዘጋ በር ነው። ወጡ ጓዳ ተሠርቶ አልቆ፣ ሳሎን የሚመጣው ለመጎራረስ ብቻ ነው። ነዋሪውም የሚያየው መጎራረሱን ነው።

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ ማን ተጎዳ?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ስትራትፎርድ ውስጥ ለወጣት ቤት አልባዎች በተሠራ መጠለያ የሚኖሩ እናቶች ልቀቁ የሚል ወረቀት ደረሳቸው፤ ምክር ቤቱ ለመጠለያው የሚሰጠውን ድጎማ አቋርጦ ነበር። ሕፃን የታቀፉ ልጃገረዶች ናቸው። ወዴት እንሂድ ሲሉ እንደ ሄስቲንግስ፣ በርሚንግሃምና ማንቸስተር ያሉ ከተሞች ተጠሩላቸው። እናት፣ አክስት፣ ጓደኛ ያለው ለንደን፤ እነሱ ማንቸስተር! አንዲት የሚዛን ልጅ ሕፃኗን አዝላ ቤት ስትለምን «ጎንደር ሂጂ፣ እዚያ ርካሽ ነው» እንደ ማለት ነው። ታዲያ እነዚህ ሴቶች አቤት የሚሉት ለማን ነበር? ለተቃዋሚ ተመራጭ? የት ያለውን! አደባባይ ወጡ። በመስከረም 2014 እዚያው ስትራትፎርድ ካርፔንተርስ በሚባለው መንደር ለዓመታት ባዶ ተዘግተው የነበሩ የምክር ቤቱን ቤቶች ገብተው ያዙ። ያኔ ነው አገሩ ሁሉ የሰማቸው። አዳራሹ ውስጥ ጥያቄውን የሚያነሳ ሌላ ሰው ሲጠፋ ጥያቄው በመስኮት ይገባል ማለት ይህ ነው።

ያ የኛ ወርቅ የታየበት ስታዲየምስ? ከኦሊምፒኩ በኋላ ለእግር ኳስ እንዲሆን ሲታደስ የኒውሃም ምክር ቤት 40 ሚሊዮን ፓውንድ አዋለበት። ከዓመታት በኋላ ገንዘቡ እንደማይመለስ ታውቆ ከመዝገብ ተሰረዘ። ተቃዋሚ ቢኖር ኖሮ ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ተቃዋሚም ይሳሳታል። ቢያንስ ግን ድምፅ ሲሰጥ እጁን አንስቶ «እኔ የለሁበትም፤ ስሜ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» የሚል የሌላ ፓርቲ ሰው ይኖር ነበር። የደሃ ሰፈር ገንዘብ ያለ ምስክር ሲወጣ ያስፈራኛል።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሰር ሮቢን ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የምክር ቤቱ መሪ፣ ከ2002 እስከ 2018 ደግሞ ከንቲባ ነበሩ። ሃያ ሦስት ዓመት! በመጨረሻ ማን አወረዳቸው? ኮንሰርቫቲቭ ነው? ሊበራል ነው? አይደለም። የራሳቸው ፓርቲ አባላት ናቸው፤ በ2018 የፓርቲው ዕጩ ሲመረጥ ሮክሳና ፊያዝ አሸነፏቸው፤ ከዚያ በግንቦት ወር ከንቲባ ሆኑ። ደግ ነው፤ ለውጡን አልጠላም። ግን አስተውሉ፤ ቁርጡ የታወቀው የፓርቲ መታወቂያ በያዙ ሰዎች ዘንድ ነው። የኔ ቢጤ አባል ያልሆነ ነዋሪ በር ላይ ቆሞ «ማን ተሾመ?» እያለ ጠየቀ። ይህ ነገር ለኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነው እንዴ?

አሁን አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ይቀርብብኛል፤ አልሸሸውም። የኒውሃም ጎረቤት ባርኪንግና ዳገንሃም የሚባል ቦሮ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቁርና ስደተኛ ጠሉ ብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ 12 ወንበር ይዞ ነበር። በ2010 ሌበር 51 ከ51 ወሰደና ዘረኞቹ አንድም ሳይቀሩ ወጡ። «ይኸው! ጠራርጎ መውሰድ ጥሩ አይደለም?» ይሉኛል። እኔም ጥቁር ነኝ፤ ያን ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይሁን እንጂ እነዚያን 12 ሰዎች በ2006 ያስገባቸው ማን ሆነና? ይኸው የአንደኛው ሁሉን ይውሰድ ሕግ ነው። ዛሬ ጠላትህን የጠረገልህ መጥረጊያ ነገ በጠላትህ እጅ ሲገባ አንተን ይጠርግሃል። መጥረጊያ ወዳጅ የለውም።

መላ የለውም እንዳትሉኝ፤ አለው፤ እዚያው ብሪታንያ ውስጥ አለ። ስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ሌበር ከግማሽ ባነሰ ድምፅ ከ79 ወንበር 71ዱን ይዞ ነበር። በ2007 ስኮትላንድ ለማዘጋጃ ቤቶቿ ሕጉን ለወጠች፤ መራጩ ዕጩዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ወንበሩም ለድምፁ ቀረብ ብሎ ይከፋፈላል። በዚያው ዓመት ግላስጎው ውስጥ ሌበር 45 ሆነ። ከተማው ፈረሰ? አልፈረሰም። ሌበር ጠፋ? አልጠፋም፤ አንደኛነቱን እንደያዘ ነው። ብቻ ፊት ለፊቱ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው ተቀመጠ። ሰሜን አየርላንድማ ይህን ከ1973 ጀምሮ ስትሠራበት ኖራለች። እንግሊዝ ግን የኒውሃምን ሰው በአሮጌው ሕግ እንዳስቀመጠችው አለች። በ2022 እንኳ ወንበሩ 66 ሆኖ ሌበር 64 ሲያገኝ ሁለት የግሪን ፓርቲ ሰዎች ሾልከው ገቡ። ሁለት! ከምንም ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ጓዳችን እንግባ። ኒውሃም 60 ከ60 በሆነ በ17ኛው ቀን፣ ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ያቺ የተረፈችውም ቀረች፤ አንድም የተቃዋሚ ወንበር አልተገኘም። ሁለቱን አገሮች አንድ ናቸው ብል ምላሴ ይቆረጥ። ኒውሃም ውስጥ ለተቃዋሚ ቀሰቀስክ ተብሎ የታሰረ አላየሁም፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ድምፅ ወደ ወንበር የሚመነዘርበት ሕግ ግን ያው ነው። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ይግባ ነው የሚለው። ስለዚህ አፈናው ቢነሳ፣ ቆጠራው እንደ ለንደን ቢጠራ እንኳ ይህ ሕግ ሳይለወጥ 60 ከ60 ሊጠብቀን ይችላል።

እዚህ ላይ ራሴንም አልምርም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን ሲያገኝ እኛ ምን አልን? ጨፈርን! እኔም ከለንደን ስልክ እየደወልኩ «አበጃችሁ!» ብያለሁ። ያ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር መቅረቱ፣ ከአሸናፊዎቹም ብዙዎቹ እስር ቤት መውረዳቸው ሌላ በደል ነው፤ አይረሳም። ግን ልባችን ላይ እጃችንን እንጫንና እንጠይቅ። 137ቱ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ማን ይቆጣጠራቸው ነበር? ያ ብቻውን የቀረው አንዱ ሰውዬ? አዲስ አበባ ውስጥ ኢሕአዴግን የመረጠ ጎረቤታችንስ አቤት የሚለው ለማን ነበር? ያን ቀን አልጠየቅንም። ያሸነፍነው እኛ ነበርና ሕጉ ጣፋጭ ሆነልን።

ስለዚህ ተቃዋሚ ነን የምትሉ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አንድ ነገር እንማማል። ስልሳ ከስልሳን የምንጠላው ሌላው ሲያገኘው ብቻ ከሆነ የምንጠላው ግፉን ሳይሆን ተራችን አለመድረሱን ነው። የምርጫ ሕጉ ይለወጥ የሚለውን ጥያቄ ስንሸነፍ ብቻ ሳይሆን ልናሸንፍ ስንልም እንያዘው። ያኔ ነው ሰው የሚያምነን።

ሙሉ ማርክ ለተማሪ ይሁን። በጉም ለፋሲካ ይቆየን።