ስኳሩን ለሻይ፣ አበባውን ለወፎቹ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ወፍ ነው። «ስለ ወፍ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉ፤ ነገሩ የገንዘባችንም ጉዳይ ነው።

እንደሰማችሁት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አንድ ሐሳብ አቅርቧል። ከየተማሪው 5 ብር ይሰብሰብ፣ ስኳር ይገዛ፣ የስኳር ውሃ ያለበት ጠርሙስ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ይሰቀልና ወፎች መጥተው ይጠጡ ነው የሚለው። ሐሳቡ የመጣው ብዙዎቻችን በስልክ ካየነው ቪዲዮ ነው። እኔ ወፎቹ ይምጡ በሚለው መቶ በመቶ እስማማለሁ። በስኳሩ ግን አልስማማም።

ቪዲዮው ላይ ያለችው ወፍ ሃሚንግበርድ ትባላለች። የምትገኘው በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ አንድም የለችም። ስለዚህ ጠርሙስ ብንሰቅልም ባንሰቅልም እሷ አትመጣም። አክስቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ በረንዳዋ ላይ ሰቅላላቸዋለች። በኢሞ ስትደውል «አክስቴ ስልኩን ወደዚያ አዙሪልኝ» እያልኩ አይቻቸዋለሁ። እሷ ጋ የሚመጡት ወንዶቹ አንገታቸው ቀይ ነው። አንዷ ወፍ 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው የምትመዝነው፤ ክንፏን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ስለምታርገበግብ አየር ላይ ቆማ ትጠጣለች፣ ወደ ኋላም ትበራለች። አንዱ ወንድ ደግሞ ጠርሙሱን «የኔ ነው» ብሎ ሌሎቹን ሁሉ ያባርራል። በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ እንደሚደረገው ማለት ነው።

አክስቴ ግን ሥራውንም ነግራኛለች። 1 ስኒ ነጭ ስኳር በ4 ስኒ ውሃ ይበጠበጣል። ማር አይገባበትም፣ ቀይ ቀለምም አይገባበትም። ሙቀት ሲሆን በየሁለት ቀኑ ይደፋና ጠርሙሱ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ አለዚያ ይቦካል፣ ይሻግታል፣ ወፏንም ያሳምማታል። እሷ በየቀኑ ቤቷ ናት። እኛ ዓርብ ወጥተን ሰኞ ነው የምንመለሰው። ቅዳሜና እሁድ ማን ያጥባል? ጋሼ ዘበኛው? ውሃውስ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው? የስኳሩን ዋጋ ደግሞ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ጉንዳኑን ገና አልቆጠርኩትም።

የኛን ወፍ ግን ማን ልብ ብሎ አያት? ከኋላ አጥር ጥግ ያለው እሬት ሲያብብ በእረፍት ሰዓት ሂዱና ዝም ብላችሁ ቁሙ። ምንቃራቸው ረጅምና ቆልመም ያለ ትንንሽ ወፎች ይመጣሉ። ሰንበርድ ነው የሚባሉት። ከሃሚንግበርድ ጋር ዘመድ አይደሉም፤ የተመሳሰሉት ሁለቱም የአበባ ነክታር ስለሚጠጡ ነው። አንደኛው ዓይነት ተከዜ ሰንበርድ ይባላል፣ በራሳችን ወንዝ በተከዜ ስም ማለት ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና መዳብ መሳይ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ከጭራው መሐል ሁለት ረጅም ላባ ወጥቶለታል። ሴቷ ዳልቻ ናት። «የኢትዮጵያ ብቻ ነው» የሚሉ ልጆች አሉ፤ አይደለም፣ ኬንያና ኡጋንዳም አለ። ስሙ ግን የኛ ነው።

ለማየትም ከሃሚንግበርድ ይቀላል። አየር ላይ ብዙ አይቆምም፣ የእሬቱ ዘንግ ላይ ቁጭ ብሎ ነው አበባዎቹን አንድ በአንድ የሚመጠው። ቀና ሲል አንዳንዴ ግንባሩ ላይ ቢጫ ዱቄት ይታያል። የሳይንስ መምህራችን ርክበ ብናኝ ብለው ያስተማሩን ያው እሱ ነው፤ ዱቄቱን ይዞ ወደ ሌላው አበባ ይሄዳል። ደግሞ ነክታር ብቻ አይበላም። ሸረሪትና ትንንሽ ነፍሳትም ይለቅማል፣ ጫጩቶቹንም ነፍሳት ያበላል። ጠርሙስ ውስጥ ሸረሪት የለም፣ እሬቱ ላይ ግን አለ።

የሚያናድደኝ ያ እሬት ለመረብ ኳስ ሜዳ ይነቀላል መባሉ ነው። እንዴት ነው በአንድ እጃችን ስኳር እየገዛን በሌላው አበባውን የምንነቅለው? እኔም መረብ ኳስ እወዳለሁ፣ ሜዳው ይሠራ። ግን ወደ ባንዲራ መስቀያው ሦስት እርምጃ ቢጠጋ እሬቱን አይነካም፤ ራሴ ለክቼዋለሁ።

ጓደኛዬ «አበባ እስኪያብብ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ጠርሙስ እኮ ዛሬውኑ ይሰቀላል። የ1ኛ ክፍል ልጆችም በመስኮት ያያሉ» ብላ ተከራከረችኝ። እውነቷን ነው፣ እሬት ቶሎ አያብብም። ለዚህ እኮ ነው ያለው አይነቀል የምለው። አዲሱን ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር እንትከለው፣ የዛሬዎቹ 1ኛ ክፍሎች 7ኛ እስኪደርሱ በደንብ ያዩታል። እሬት ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ የእጅ መታጠቢያው ይበቃዋል።

ወንጭፍ ይዛችሁ የምትመጡ ወንዶች ደግሞ (ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ) እሱን ቤት ተዉት። ባለፈው ወር እሬቱ ሥር የወደቀችውን ሁላችንም አይተናል። የሰበሰባችሁት ጠርሙስ ሁሉ ቢሰቀል በወንጭፍ የሚጠበቅ ግቢ ውስጥ የምትገባ ወፍ የለችም።

የ5 ብሩ ጉዳይ የሚወሰነው ሐሙስ በክበቡ ስብሰባ ነው ተብሏል። እኛ ግቢ ከትልቁ እሬት ሥር የወጡ ትንንሾች አሉ፣ አያቴ ስድስቱን ውሰጂ ብላኛለች። በነጻ ነው። ዶማ የሚያመጣ ሰው ግን እንፈልጋለን።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል