ማደንዘዣው ከመንገዱ ይቅደም

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ አንዲት አረጋዊት ተንሸራተው ዳሌያቸው ሲሰበር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ከዚያ ቃሬዛ፣ ከዚያ መኪና ይከተላል፤ ከመሐል ሜዳ በጣርማ በር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዓለም ከተማ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ። አጥንቱ በየጉድጓዱ ይነቃነቃል። ቀዶ ሕክምናው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ፣ ስለ ሕመሙም የምናስበው ከመንገዱ ማዶ ሆኗል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ።

“አልትራሳውንድ የለንም” የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም። ዳለንስና ባልደረቦቹ የፋሻ ኢሊያካን ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕፃናት ሲገልጹ በዳሰሳ ይመሩ ነበር። ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ፑቢስ አጥንት ጉብታ ያለው መስመር ለሦስት ይከፈላል፤ የውጭው ሲሶ ከመካከለኛው ከሚገናኝበት 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ደነዝ መርፌ ይገባል፤ ሁለቱ ሽፋኖች መበሳታቸውም በእጅ ይታወቃል። መሣሪያው ትክክለኛነትን እንደሚጨምር አልክድም። ነገር ግን መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ለታካሚዋ ምን ይጠቅማል?

ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 49 ጥናቶችን መርምሮ፣ የነርቭ ማደንዘዣ በእንቅስቃሴ ወቅት ያለውን ሕመም በ30 ደቂቃ ውስጥ እንደሚቀንስና ድንገተኛ የአእምሮ መደናገርንም እንደሚያሳንስ አሳይቷል። ሞርፊን በበዛ ቁጥር ትንፋሽ የሚያሳስበን ለእነዚሁ አረጋውያን ነው። ደግሞም ሕመሟ የበረደላት ታካሚ ለአከርካሪ ሰመመን ቁጭ ማለት አይከብዳትም፤ ይህን በቀዶ ክፍል የቆመ ሁሉ ያውቃል።

ከባዱ ጥያቄ ደኅንነት ነው። የ45 ኪሎ አረጋዊት የቡፒቫኬይን ጣሪያ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ቢታሰብ 90 ሚሊ ግራም ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር የ0.25 በመቶ መድኃኒት 75 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በጥንቃቄ የቀጠነ መጠን ይበቃል። ሆኖም መርፌው ወደ ደም ሥር ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ እየሳቡ መስጠት፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የልብ ምትና የደም ግፊት መከታተል፣ የሊፒድ ኢመልሽንም ማዘጋጀት ግድ ነው። ይህ የማይቻልበት ቦታ መርፌው ባይነሳ ይሻላል። የውጤቱ ዕድሜ ሰዓታት ብቻ መሆኑም ለአስታማሚ ይነገር።

የአጥንት ሐኪሞች “የነርቭ ጉዳቱን ይሸፍንብናል” ይላሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ይህ ማደንዘዣ የሳያቲክን ነርቭ ስለማይነካ እግርን ከቁርጭምጭሚት በታች ማንቀሳቀስ ይመረመራል። ከመርፌው በፊት የተደረገው ምርመራ፣ የመድኃኒቱ መጠንና የተሰጠበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ለዚህ የሚሆን ባዶ መስመር ወረቀቱ ላይ ከሌለ በጀርባው ይጻፍ።