ከመዋጮው በፊት ያለው መርፌ

ዘሙኑኪ (ጁባ)

ሙኑኪ ውስጥ ሐበሻ በሚያዘወትራቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች በየጥቂት ወሩ የሚዞር ወረቀት አለ። አናቱ ላይ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር «የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ውጭ ወጥታ መታከም አለባት ተብሏል» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ስምና ገንዘብ፤ ገሚሱ በዶላር፣ ገሚሱ በፓውንድ። የጁባ ሐበሻ በዚህ አይታማም። ውሃ በቦቴ የሚያመላልሰውም፣ እንጀራ የምትጋግረውም፣ ሆቴል ያለውም ኪሱን ይፈትሻል። ፎቶው ላይ ያለው ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሽማግሌ ፊት አይደለም። የሃያ ወይም የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነው፤ አንዳንዴም ገና ተማሪ።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ዕድሜ ነው።

ስለ ልብ ሕክምና እድገት በዜና የምንሰማው በአብዛኛው ስለ ሌላ ሰው ልብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ክሪቢየ እ.ኤ.አ. በ2002 ሩዋን ከተማ ደረት ሳይከፍት፣ በደም ሥር አሳልፎ አዲስ ቫልቭ (የልብ በር) ሲተክል ዓለም አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡም ተገቢ ነበር። ዛሬ የሰማንያ ዓመት አዛውንት በዚያ ዘዴ ታክመው በቀናት ውስጥ ቤታቸው ይገባሉ። የሙኑኪው ወረቀት ላይ ያሉት ልጆች ግን ቫልቫቸው በእርጅና አልደረቀም፣ የልብ ቧንቧቸውም በስብ አልተደፈነም። የብዙዎቹ ሕመም የጀመረው ከጉሮሮ ነው።

ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በራሱ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ያመጣው ነው፤ ሰውነት ይህን ሲዋጋ ባክቴሪያውን ከገዛ ልቡ መለየት የሚሳነው ጊዜ አለ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይነሳል፤ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከክርን ወደ አንጓ የሚዘዋወር ቁርጥማት ይከተላል። ያልፋል። እናት «ብርድ መትቶት ነው» ትላለች፤ ገና በጉሮሮው ጊዜ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ቆራጭ የተወሰደም አለ። መቁረጡ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። የልብ ቫልቮች ላይ የቀረው ጠባሳ ደግሞ ዓመታት ወስዶ ያጠባቸዋል፣ ያኮማትራቸዋል። የሩማቲክ ልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሴቶች መታመማቸውን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው። እርግዝና የደሙን መጠን ይጨምራል፤ የጠበበው በር አላሳልፍ ይላል፤ ትንፋሽ ያጥራል።

ሬሜዲ የተሰኘው ጥናት በ14 አገሮች ከ3,300 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ተከታትሏል፤ ኢትዮጵያና ሱዳንም ነበሩበት። የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶው 17 ያህሉ ሞተዋል። ጅማ ላይ ደግሞ ምንም የማያማቸው የሚመስሉ ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲታዩ ከሺሁ ሠላሳ ያህሉ የሕመሙ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ከሺህ ሠላሳ ማለት በርከት ያሉ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ነው።

የሚገርመኝ የታሪኩ አካሄድ ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና አባቶች የምንላቸው ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት በዚሁ በእኛ በሽታ ላይ ነበር። በ1923 ቦስተን ውስጥ ኤሊየት ከትለር በሩማቲክ የጠበበ ቫልቭ ያላትን ታዳጊ ልብ ቀደደ፤ ተረፈች። በ1925 ለንደን ላይ ሄንሪ ሱታር የአንዲት ወጣት ልብ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ የጠበበውን በር ከፈተ። እሷም ተረፈች፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድም ሐኪም ሌላ ታማሚ አልላከለትም። ሃያ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1948፣ አሜሪካኖቹ ቻርልስ ቤይሊና ድዋይት ሃርከን በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው መንገዱን እንደገና ከፈቱት። በ1960 አልበርት ስታር ከጡረተኛው መሐንዲስ ከሎወል ኤድዋርድስ ጋር የሠራውን፣ በቀፎ ውስጥ የምትንከባለል ኳስ ያለችበትን ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተከለ። በ1982 ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ቀዶ ጥገናውን ራሱን የሚያስቀር ፊኛ ይዞ መጣ፤ በእግር ደም ሥር ገብቶ የጠበበውን ቫልቭ ይለጥጣል።

ከዚያ ምን ሆነ? የለንደንና የቦስተን ድሃ ቤቱ ሰፋ፣ አምስት ልጅ በአንድ አልጋ መተኛቱ ቀረ፣ ፔኒሲሊን በየመንደሩ ደረሰ። በሽታው ከእነሱ አገር ወጣ። ገንዘቡም፣ የምርምሩ ጉጉትም፣ ወጣቱ ስፔሻሊስትም ወደተደፈነው ቧንቧ ፊቱን አዞረ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ሐኪም ፊቱ የቀረበውን በሽታ ያክማል። ግን በእኛ ሠፈር የቀረው በሽታ ለረጅም ጊዜ ባለቤት አልነበረውም።

ባለቤት ለመሆን የተነሡ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ስማቸውን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቁመው ልጆችን ወደ ውጭ ሲያስልኩ ኖሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ሃያ ዓመት! ዛሬም ተራ የሚጠብቁት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ደቡብ አፍሪቃዊው ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ፣ በ2018 እስኪያርፉ ድረስ፣ ይህ በሽታ የአህጉሩ አጀንዳ እንዲሆን የለፉ ሰው ናቸው። በ2007 ካርቱም አጠገብ ሶባ ላይ የጣሊያኑ ሐኪም ጂኖ ስትራዳ ድርጅት፣ ኢመርጀንሲ፣ የሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከልን ከፈተ፤ ከ20 በላይ ከሚሆኑ አገሮች ለሚመጡ ታማሚዎች በነፃ ይሠራ ነበር። ከጁባም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከአስመራም ሰው ይሄድ ነበር። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ግን እዚያ መድረስ ራሱ ሌላ ሕመም ሆኗል። ከዚህ የሚላክ ሰው ዛሬ ካምፓላን፣ ናይሮቢን፣ ሕንድን ያስባል፤ ወረቀቱም ላይ ያለው የገንዘብ መጠን በዚያው ልክ ያድጋል።

እነዚህን ሰዎች አለማክበር ነውር ነው። ሆኖም በዚህ ዘርፍ ባለፉት ዓመታት ከታዩት ውጤቶች ሁሉ ለሙኑኪ የሚጠቅመው የተገኘው ከቀዶ ሕክምና ክፍል አይመስለኝም። የተገኘው ጉሉ ነው።

ጉሉን የጁባ ሰው ያውቃታል። ኒሙሌን ተሻግሮ ወደ ካምፓላ የሚወርድ መኪና ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። በዚያ በሰሜን ኡጋንዳ የካምፓላው ዶክተር ኤሚ ኦኬሎ፣ አሜሪካዊቷ ዶክተር አንድሪያ ቢተንና ባልደረቦቻቸው ከ100,000 በላይ ልጆችን በልብ አልትራሳውንድ አዩ። ሕመሙ ገና ያልታወቀባቸውን ለይተው፣ 818ቱን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ፤ ግማሾቹ ክትትል ብቻ ተደረገላቸው። ሁለት ዓመት አለፈ። መርፌውን ከወሰዱት መካከል የባሰባቸው 3 ልጆች ናቸው፤ ካልወሰዱት 33። ውጤቱ በ2021 መጨረሻ ታተመ። መድኃኒቱ እኮ አዲስ አይደለም፤ በአያቶቻችን ዘመን የነበረ መርፌ ነው።

ሌላም አለ። በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ፣ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ይዞ፣ ውዱንና አዲሱን የደም ማቅጠኛ ከአሮጌው ከዋርፋሪን ቤተሰብ ጋር አወዳደረ። ብዙ ሰው አዲሱ ያሸንፋል ብሎ ነበር። በአሮጌው የታከሙት ያነሰ ሞቱ። ስለዚህ «እኛ ጋ ያለው ኋላ ቀር መድኃኒት ነው» የሚለው ሰበብ በዚህ በሽታ አይሠራም።

ዋርፋሪን ግን ጣጣ አለው። ብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ይውጠዋል፤ ካነሰ ደሙ ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ ከበዛ ይደማል፤ ስለዚህ በየጊዜው ደሙ መለካት አለበት። ጎመን ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ዓቢይ ጾም ሲገባ ድንገት ጎመን በጎመን የሚሆን ታማሚ ልኬቱ ይናወጣል። ጎመን ክልክል አይደለም፤ መጠኑ በፍስኩም በጾሙም ተመሳሳይ ይሁን ነው። ይህን ለታማሚው በአማርኛ የሚነግረው ማን ነው? ሰውየው ከሕንድ የተመለሰው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ነው። ብዙ ሺህ ዶላር ያዋጣን ሰዎች ቫልቩ ከተተከለ በኋላ ታማሚውን ረስተነዋል።

መርፌውም የራሱ ችግር አለው። ያማል፤ ይህን የማይደብቅ ሰው ብቻ ነው የሚታመነው። ፔኒሲሊን ተወግተው የሞቱ ሰዎች ወሬ ስለሚዞር አንዳንዱ ነርስ «አልወጋም» ይላል። ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አይደለም፤ ዛሬ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ግን ብዙው እንዲህ ያለ ሞት የፔኒሲሊን አለርጂ ሳይሆን፣ ልቡ ክፉኛ የተጎዳ ሰው የሕመሙንና የድንጋጤውን ጫና አለመቻሉ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እንዲህ ያለው ጽኑ ታማሚ መርፌው ቀርቶበት የሚዋጥ ፔኒሲሊን ቢወስድ ይሻላል ብሎ መክሯል። ለቀሪው መርፌው ይቀጥላል። አውስትራሊያ ውስጥ ከቆዳ ሥር በብዛት ተሰጥቶ ሦስት ወር ያህል የሚያቆይ አሰጣጥ እየተሞከረ ነው፤ እስኪደርስ ግን ያለን የወሩ መርፌ ነው። የመርፌው ዱቄት ፍሪጅ አይፈልግም፤ የጁባን የካቲትና መጋቢት ቆርቆሮ ቤት ግን አይወድም።

በ2015 የአፍሪቃ ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ሰባት ነጥብ አስቀምጠዋል። የታማሚዎች መዝገብና በቂ ፔኒሲሊን ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ከእነሱ በኋላ ነው የመጣው። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤም ስለዚህ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል። የተተገበረው ከተጻፈው ብዙ ያንሳል፤ ምክንያቱም መዝገብ ሪባን አይቆረጥለትም። ሕንፃ የሚመርቅ ባለሥልጣን ይገኛል፤ አንድ ልጅ በዓመት አሥራ ሦስቱንም መርፌ መወጋቱን የሚቆጥር ግን የወረዳ ነርስ ነው።

ኩባዎች ፒናር ዴል ሪዮ በተባለው ክፍለ ሀገራቸው ከ1986 እስከ 1996 ይህንኑ አሰልቺ ሥራ ሠሩ፦ መዝገብ፣ መርፌ፣ ለወላጅና ለመምህር ትምህርት። በአሥር ዓመት ውስጥ የሩማቲክ ትኩሳት ከ100,000 ልጅና ወጣት 18.6 ከነበረበት ወደ 2.5 ወረደ። ኩባ የተማሩ ወገኖቻችን በየቦታው ስላሉ ይህ ለእኛ የሩቅ ተረት አይደለም።

ወደ ሙኑኪ ልመለስ። የደቡብ ሱዳን መንግሥት ነገ ይህን ይሠራል ብዬ አልጠብቅም፤ ጫናው ከአቅሙ በላይ ነው። እኛ ግን ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ በሁለት ቀን ብዙ ሺህ ዶላር የሚያሰባስብ ልማድ አለን። ያ ልማድ የሚነሣው ታማሚው መራመድ ሲያቅተው ነው። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ቀንሰን መርፌውን በተገቢው ቦታ የሚያስቀምጥ፣ የሚወጋ፣ የሚመዘግብ አንድ ክሊኒክ ብንይዝ ምን ይከለክለናል? ቫልቩ እንደተጎዳ የተነገረው ሰው፣ እንደ ሕመሙ ክብደት፣ እስከ 40 ዓመቱ ድረስ መወጋት ሊኖርበት ይችላል። የጁባ ሰው ደግሞ አይቀመጥም፤ ዛሬ ሙኑኪ፣ ከስድስት ወር በኋላ ማላካል፣ ከዚያ ካምፓላ። መዝገቡ ሰውየው የሚወጋበትን ቀን በስልክ የሚያስታውሰው ሰው ከሌለው ዋጋ የለውም።

ስለ ልጆቹም እንዲሁ። ጉሮሮው የታመመ ልጅ፣ በተለይ ሳል ሳይኖረው ትኩሳት ያለውና አንገቱ ሥር እጢ ያበጠበት፣ ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘ የቁርጥማቱን ትኩሳት መከላከል ይቻላል። ዘጠኝ ቀን ሰፊ ጊዜ ነው። ቆራጭ ዘንድ ለመሄድ የሚነሣ ወላጅ በዚያው እግሩ ክሊኒክ መድረስ ይችላል፤ ለአንድ መርፌ የሚከፍለውም በወረቀቱ ላይ ለሌላ ሰው ልጅ ካዋጣው ያነሰ ነው።