የት ቆመው ነበር?

ባለፈው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ምግብ ቤት ቡና ይዘን ተቀምጠን የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ነገር ተነሣ። እዚህ ለተወለዱ ልጆቻችን ስሙ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ኮሎኔሉ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪ ነበሩ። በደርግ ዘመን ኤርትራ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወደቁ፤ ታስረው ተፈቱ፤ ተመልሰውም አበረሩ። ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ሚግ 23 አውሮፕላናቸው ዳግመኛ ተመታ። በጃንጥላ ወርደው ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። ታኅሣሥ 1993 የአልጀርሱ ስምምነት ተፈረመ፤ ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ተለዋወጡ፤ እሳቸው ግን ከተመላሾቹ ጋር አልነበሩም። ሐምሌ 2010 መንግሥታቱ ሲታረቁ፣ ስልክ ተከፍቶ ወንድምና እህት በ20 ዓመቱ ሲላቀስም፣ ከሁለቱ ቤተ መንግሥቶች ስማቸውን የጠራ አልሰማንም።

ታዲያ ከአጠገባችን የተቀመጡ አንድ የአሥመራ ሰው ወሬያችንን ሰምተው ኖሮ ወንበራቸውን አስጠጉ። «እኔ አይቻለሁ» አሉ። ጃንጥላው እንዴት እንደተከፈተ፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሮጠ በእጃቸው ጭምር አሳዩን።

«የት ቆመው ነበር?» አልኋቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እውነቱን ልንገርህ፤ ያን ጊዜ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነበርሁ። ያየችው እህቴ ናት፤ በስልክ ነው የነገረችኝ።»

ሰውዬው አልዋሹም። ከ25 ዓመት በላይ ሲያወሩት የእህታቸው ዓይን የራሳቸው ሆነ እንጂ። እኛስ ስንቱን በወሬ የሰማነውን አይተናል እንላለን!

ስለዚህ ጠያቂ ከሆናችሁ «አብራሪው ምን ሆነ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ሁሉ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው። የት ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር? ከአጠገብዎ ማን ነበር? በሉ። ቀኑንም ለዩ። የአሥመራ አውሮፕላን ማረፊያ የተደበደበው ግንቦት 28 ዓርብ ነው፤ በዚያው ቀን መቐለ ላይ የኤርትራ አውሮፕላኖች አይደር ትምህርት ቤትን መትተው ሕፃናት ሳይቀሩ አለቁ። አብራሪው የወደቁት በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ሰው ሁለቱን ቀን አንድ ያደርጋል። «ገበያ ወጥቼ ነበር» ወይም «መሥሪያ ቤት ነበርሁ» የሚል አንድ ቃል ግን ይለያቸዋል።

በመካከላችን ታክሲ የሚነዱ የቀድሞ አየር ኃይል ሰዎች አሉ። ስለ ሚግ 23 የሚያውቁት ብዙ ነው። መሬት ላይ የሆነውን ያየው ግን በዚያኛው ጠረጴዛ የተቀመጠው ነው። እኛ ደግሞ ከዚያኛው ጠረጴዛ ጋር ከሰላምታ በላይ መነጋገር ካቆምን ስንት ጊዜያችን!

«ቦምብ ሊጥልብን የመጣ ሰው ነው፤ ለምን ትፈልገዋለህ?» አሉኝ ሰውዬው፣ ሳይቆጡ።

«የሚጠብቀው ቤተሰብ አለው» አልሁ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው ሶፍት ላይ መንገድ ሣሉ፤ እህታቸው የቆመችበትን በክብ አመለከቱ። «ልሳሳት እችላለሁ፤ እሑድ እደውልላትና ራሷ ትነግርሃለች» አሉ።

ሶፍቱ እኔ ዘንድ ነው። ያን ቅዳሜ አሥመራ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ጋዜጣውን ባነሣችሁበት ቤት መልእክት ተዉልን። ስማችሁን አንጽፍም።