ያ ክፍት ቦታ የእርስዎ አይደለም

እሑድ ጠዋት ከልጄ ጋር ዓሣ ልንበላ ወደ አሞራ ገደል እየሄድን ነበር። ከፊታችን ያለው ባለተሳቢ ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ አበራ፤ ግን መጀመሪያ ወደ ግራ ወጣ አለ። በቀኙ ሰፊ ቦታ ተከፈተ። ገበያ ላይ ክፍተት መፈለግ ሥራዬ ነውና ልገባ ስል፣ ከኋላዬ የነበረ ባጃጅ በክላክስ አስቆመኝ። ወዲያው የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ልገባበት የነበረውን ቦታ ይዘውት አለፉ።

ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ጠባዩን እንወቅ። ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር የፊተኛው መኪና በመጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል፤ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ግን የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ማዕዘኑ ይጠጋሉ። ሾፌሩ ወደ ግራ የሚሰፋው ማዕዘኑ ላይ እንዳይወጣ እንጂ ለእርስዎ ቦታ ሊለቅ አይደለም።

ስለዚህ ተሳቢ ታጥፎ እስኪጨርስ ከኋላው ራቅ ብለው ይጠብቁ። የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ካላዩ እሱም እርስዎን አያይም። ብስክሌት ለሚነዱ ልጆችዎም ይህንኑ ይንገሯቸው።

«ለምን ቆምን?» አለችኝ ልጄ ከኋላ ወንበር። ዓሣው አምስት ደቂቃ ይጠብቀናል።