ፓርክ ስለሚባለው ቃል

ለነገር ስም የሚያወጣ ሰው ግዴታውንም አብሮ ያወጣል። ዳኛ የተባለ እንዲፈርድ፥ እረኛ የተባለ እንዲጠብቅ ይጠየቃል፤ ስሙ ያልተለየ ግን በምን ይጠየቃል? «ፓርክ» የሚባለው የእንግሊዝ ቃል በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ስም ሆኗል።

ዋልያ የሚጠበቅበት የስሜን ተራራ ፓርክ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የተመረቀው የፋብሪካ መንደርም ፓርክ ይባላል። በ2013 ዓ.ም. በእንጦጦ ጫካ ውስጥ የተከፈተው መናፈሻም ፓርክ ነው። በመገናኛ ደግሞ ባለ መኪናው «ፓርክ ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ አውሬ፥ ፋብሪካ፥ ሽርሽርና የቆመ መኪና በአንድ ቃል ታጭቀዋል።

ቃሉ በአገሩ ታሪክ አለው። በመጀመሪያ ነገሥታትና መኳንንት የሚያድኑትን አውሬ የሚያኖሩበት የታጠረ ምድር ማለት ነበረ። የለንደኑን ሃይድ ፓርክ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1536 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለአደን ያዘው፤ ለሕዝብ የተከፈተው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በ1637 በቀዳማዊ ቻርልስ ጊዜ ነው። ኋላም ወታደሮች መድፍና ሠረገላ የሚያቆሙበትን ስፍራ በዚሁ ስም ጠሩት፤ የመኪናው አነጋገር ከዚያ መጣ። ስለዚህ ቃሉ አጥርንም የተከፈተ በርንም ያመለክታል።

«በቅኔም አንድ ቃል ሁለት ምስጢር ይይዛል» የሚል ተሟጋች አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን በቅኔ ኅብረ ቃሉ የሚገባው ሰሙና ወርቁ በመጨረሻ እንዲለዩ ነው። በፓርክ ግን ሰም ብቻ አለ፤ ወርቁን የሚፈታ የለም።

ጉዳቱም በቃል ብቻ አይቀርም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እየወጡ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ለብዙ ዘመን ልጆቻቸውን በዚያ ሸክም አሳድገዋል። ስፍራው ጥብቅ ደን ከሆነ፥ ጭራሮ ለቃሚዪቱ ብቻ ሳትሆን ምግብ ቤቱና የእንግዳ ማረፊያውም በሕጉ ይመዘኑ። መናፈሻ ከሆነ፥ ድኻም ይናፈስበት። የንግድ ስፍራ ከሆነ፥ ትርፉ ለማን እንደ ሆነ በግልጥ ይነገር። ፓርክ ብቻ ሲባል ግን ለአንዲቱ ጥብቅ፥ ለሌላው መናፈሻ ቢሆን «ስሙን አፈረስህ» ብሎ የሚከስ አይገኝም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በእንጦጦ ላይ የተተከለው ዛፍ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። አባቶች ግን ባሕር ዛፍ አሉት፤ እንግድነቱን ሳይሸሽጉ ስሙን በገዛ ቋንቋቸው አወጡለት። ያ ሕዝብ ለዛፉ ስም ካላጣ፥ ዛፉ ለቆመበት ምድር ስም አያጣም። መናፈሻ፥ ጥብቅ ደን፥ የፋብሪካ መንደር፥ የመኪና ማቆሚያ የሚሉ ቃላት ሁሉ አሉ። ሰሌዳ የሚያጽፍ ሹም አስቀድሞ ስፍራው ለምንና ለማን እንደ ሆነ ይወስን፤ ያን ጊዜ ስም አይቸግረውም።