በ40 ዓመት ተሳቢ ለመንዳት መነሳት ነውር ነው?



«ጊዜው አልፎበታል» የሚባል ሰው በየሰፈሩ አለ። ዕድሜው 38፣ 40 ወይም 42 ነው። ትናንት ሱቅ ነበረው፣ ወይም ልብስ ይሰፋ ነበር፣ ወይም ዐረብ ሀገር ሰርቶ ተመልሷል። ዛሬ «መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ከባድ መኪና ላይ እሠራለሁ» ሲል ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ ዘመዶቹ ይቆጡታል። እኛ ከሚስቁትም ከሚቆጡትም ጋር አንስማማም። ምክንያታችን ትንሽ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ይህ ሥራ ምን እንደሆነ እንወቅ። ከ1990ው ጦርነት ወዲህ አሰብ ለኢትዮጵያ ተዘግቷል። ከዚያ ጀምሮ የሀገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ባቡሩ በ2009 መጀመሪያ ላይ ቢመረቅም ዛሬም አብዛኛው ጭነት የሚመጣው በጎማ ነው። ነዳጁ በቦቴ፣ ስንዴውና ማዳበሪያው በተሳቢ ይገባል። እኛ ኮምቦልቻ ያለነው ደግሞ ይህን ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። በባቲ ቁልቁል ወርዶ ሚሌ ላይ ከአዋሽ ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኘው፣ ከዚያ በሎጊያና በሰመራ አልፎ ጋላፊ የሚደርሰው መስመር የስንቱን ቤት እንደሚያስተዳድር እናውቃለን። ሱቅ ገብተን የምንገዛውን ዘይት ያመጣውን ሰው ግን «ሹፌር እኮ ነው» እያልን እናቃልለዋለን።

ከጀማዓችን አንድ ወንድም አለ። ፈቅዶልን ነው የምንጽፈው፣ ስሙን ግን አንጠራም። ዕድሜው 41 ነው። የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ በዱቤ ዕቃ እያመጣ ሁለት ጊዜ ሞክሯል፣ አልተነሳም። አራት ልጆች አሉት፣ ትልቋ 12ኛ ክፍል ናት። ባለቤቱ ወርቋን አውጥታ «ሽጠውና መንጃ ፈቃድ ተማርበት» አለችው። ወደ እኛ ሲመጣ የሐላልና የሐራም ጥያቄ ይዞ መስሎን ነበር። እሱ ግን «ሰው ምን ይለኛል?» ነበር ያለን።

ትልልቆቹ አባቶች «ሶብር አድርግ፣ ሱቅህን ጠብቅ» ብለውታል። እናከብራቸዋለን፣ ግን ባዶ መደርደሪያ መጠበቅ ሶብር አይደለም። ሶብር የሚያስፈልገው ረዳት ሆኖ የሌላ ሰው ጎማ ሲፈታ ነው።

ስለ ወርቁ አንድ ነገር እናንሳ፤ ብዙ ቤት የሚረሳው ነገር ነውና። ወርቁ የሷ ነው። መህሯም ይሁን በኋላ የተገዛላት፣ ባል አያዝበትም። ብድር ከሆነ ብድር፣ ስጦታ ከሆነ ስጦታ ተብሎ በምስክር ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀሰው ይህ ወርቅ ነው። እሱ እኛ ፊት «ብድር ነው» ብሎ ጽፎ ፈርሟል፤ እሷም ስቃ ተቀብላዋለች።

አሁን ወደ ዕድሜው እንምጣ። በ40 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንም ይፈራል የሚል ነው። የ22 ዓመት ልጅ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ አድርጎ የባቲን ቁልቁለት ይለቀዋል። ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ደግሞ ይከዳል። አራት ልጅ ያለው ሰው በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እያስያዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ወጣቱ ጓደኛው ስለቀደመው ብቻ ይሽቀዳደማል። ዕድሜ የገፋው ሰው ግን የሚጠብቀው ሰው ስላለ መቀደሙ ብዙ አያናድደውም። ወጣቶች ሆይ፣ አትቀየሙን። ከናንተም ውስጥ እንደ አባት የሚነዳ አለ፣ ከ45 ዓመት ሰውም እንደ ሕፃን የሚሽቀዳደም አይተናል።

ግን እውነቱን እንናገር፣ ሰውነት ዕድሜውን ይቆጥራል። ወገብ፣ ዓይን፣ ደም ግፊትና ስኳር ከ40 በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ለማሠልጠኛ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ሐኪም ቤት እንሂድ። ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ በአፋር ሙቀት ሙሉ ቀን መሪ ላይ የሚቀመጥ ሰው ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ ይጥላል።

መንጃ ፈቃዱ የደረቅና የፈሳሽ ጭነት ተብሎ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ። መስፈርቱን ትራንስፖርት ቢሮው ራሱ ጋ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ደላላ ጋ አትሂዱ። «ፈተናውን ሳትቀመጥ በወር ውስጥ እናወጣልሃለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ጉቦ ነው፣ ሐራም ነው። ከሐራምነቱም በላይ በሰው ነፍስ የሚከፈል ነው። በገንዘብ የተገዛ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ባጃጅ ሙሉ ሰው ላይ ሲወጣ «ቀደር ነው» ማለት አላህ ላይ ማሳበብ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ረዳትነቱ ነው። ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ ሌሊት ጭነት ይጠብቃል፣ መኪናው ሥር ይተኛል። ይህን ሁሉ ከራሱ በ15 ዓመት የሚያንስ ሹፌር ያዝዘዋል። ያ ወንድማችን መጀመሪያ የጠየቀው ሹፌር የ26 ዓመት ልጅ ነበር። ልጁ አፍሮ «ጋሼ፣ አንቱን እንዴት ብዬ ጎማ አስፈታለሁ?» አለው። እሱም «እዘዘኝ ልጄ፣ መንገድ ላይ ታላቄ አንተ ነህ» ብሎ መለሰ። እኛ ኪታብ ፊት ብዙ ዓመት ተቀምጠናል፤ በመድረሳ ከኛ በዕድሜ የሚያንስ ኡስታዝ ፊት በርከክ ብሎ መቅራት ነውር ሆኖ አያውቅም። መኪና ሥር ሲሆን ለምን ነውር እንደሚሆን አይገባንም። መንጃ ፈቃድ ይዞ ረዳትነቱን የሚዘልለው ሰው ማርሽ መቀየር ይችላል። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ከድምፁ መለየት ግን አይችልም።

ስለ እንቅልፍም እንናገር። አሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ ሲነዱ ቆይተው በ40ዎቹ ዕድሜ ወደ ትራክ ገብተዋል። እዚያ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር 10 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። መኪናው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ሰዓቱን ይመዘግብበታል። እኛ ዘንድ ስንቱ ሹፌር በጫት ነው ሌሊቱን የሚገፋው? በጫት ላይ ዑለማዎች የተናገሩትን እዚህ አንዘረዝርም፣ ክርክር ውስጥም አንገባም። ለሹፌር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ አንድ ላይ ይመጣል፣ የሚመጣውም መሪ ላይ እያለ ነው። የደከመው ሹፌር ዳር ይዞ ይተኛ። ባለንብረቱም «ለምን ዘገየህ?» እያለ በየሰዓቱ አይደውልበት።

መንገድ ላይ ሶላት እንዴት ነው ለሚለው ሸሪዓው አቅልሎታል። መንገደኛ ባለ አራት ረከዐዋን ሶላት ሁለት አድርጎ ይሰግዳል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመር ይችላል። ሐነፊዮች ደግሞ ማሳጠሩን እንጂ ማጣመሩን ከሐጅ ውጪ አይቀበሉም፤ ሁሉም የቀራበትን ይያዝ። ጁሙዓ መንገደኛ ላይ ግዴታ አይደለም። በረመዳንም ማፍጠር ተፈቅዶለታል፤ ጾሙ የሚጎዳው ከሆነ ማፍጠሩ ይመረጣል፣ ሲመለስ ቀዳውን ያወጣል። «ወንድ ልጅ መሪ ላይም ይጾማል» እያላችሁ ሹፌሮችን የምታፋጥጡ ልጆች እባካችሁ ተዉ።

ገንዘቡስ? ደመወዙ ብቻውን ብዙ አይደለም፣ ቤቱን የሚይዘው አበሉ ነው። ፈተናውም እዚያው ይመጣል። ከታንከሩ ነዳጅ ቀድቶ መሸጥ፣ ኮንትሮባንድ ማስገባት... ከሁሉም የሚያመን ግን አንድ ነገር ነው። ከወሎ ተነስተው በኦቦክ አድርገው የመን ለመሻገር በአፋር በረሃ የሚሄዱ ልጆች አሉ። እነሱን በገንዘብ ጭነት መሃል ሸሽጎ የሚወስድ ሹፌር «ረዳኋቸው» ብሎ ራሱን እንዳይሸነግል። ውሃና ዳቦ ስጣቸው፣ ከቻልክ ምከራቸው። እናታቸው እዚህ ጀማዓ ውስጥ ልትሆን ትችላለች።

ሌላው ስሕተት ቤት ሸጦ ወዲያው የራስን መኪና መግዛት ነው። የወለድ ብድር የሚያስፈራው ሰው በ2013 ዘምዘም ባንክ፣ ከዚያም ሂጅራ ባንክ ከተከፈቱ ወዲህ በሙራባሐ መግዛት ይቻላል እያለ ይቸኩላል። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልሃል፣ ሐላል ነው። ሐላል መሆኑ ግን አያከስርም ማለት አይደለም። ወደብ ላይ ተሰልፎ የቆመ መኪና ጎማው አይሮጥም፣ ክፍያው ግን ይሮጣል። መጀመሪያ የሰው መኪና ላይ ጥቂት ዓመት ሥራ፤ ካምቢዮ ሲወድቅ ስንት እንደሚያስከፍል ከሌላ ሰው ኪስ ተማር።

የመንገዱን ጸጥታም አንደብቅም። በተለያዩ መስመሮች ታግተው ቤተሰባቸው ገንዘብ የተጠየቀባቸው፣ የተገደሉም ሹፌሮች አሉ። ይህን ሚስት ቀድማ ማወቅ አለባት፣ ለውሳኔውም ድምፅ ይኑራት። የሚሄደውም ወሲያውን ይጻፍ። ማን ዘንድ ስንት ዕዳ እንዳለበት፣ ማን ዘንድ ስንት እንዳለው በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ ቤት ይተው። የኛው ወንድም ወረቀት የባለቤቱን ወርቅ በግራም ጽፎ ነው የሚጀምረው።

አሁን ቃላችን ለባለ መኪናዎች ነው። በዚህ ከተማ ሁለትና ሦስት ተሳቢ ያላችሁ ወንድሞች አላችሁ፣ እናውቃችኋለን፣ በረመዳን ስታስፈጥሩም አይተናችኋል። ረዳት ስትፈልጉ የእህታችሁን የ19 ዓመት ልጅ ትቀጥራላችሁ። እሱም ይቀጠር፣ ሐቁ ነው። ግን ከሦስቱ መኪና በአንዱ ላይ ዕድሜው የገፋ፣ ቤተሰብ ያለው፣ ዕቃ የማይነካ ሰው ውሰዱ። የሱቅ ሒሳብ ይዞ የኖረ ሰው የጉዞ ወጪ አጻጻፍ አይከብደውም፤ ደረሰኝ አጠፋሁ አይላችሁም። ያ ወንድማችን ቦታ ያገኘው ከስምንት ሰው እንቢታ በኋላ ነው። አሁን ሁለተኛ ወሩን ይዟል። እንደሱ ቦታ የሚፈልጉ ሌሎች ሦስት አሉን፣ አንደኛው የ44 ዓመት ልብስ ሰፊ ነው። ረዳት የምትፈልጉ ከዐስር በኋላ መስጂድ ብቅ በሉ፣ እናገናኛችኋለን።